ና ወይስ ነይ? በማረሚያ ቤት በር ላይ ስለምትነገረው የመጀመሪያ ቃል

ደብረ ማርቆስ ላይ ለወጣት የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች፣ ለሕግ ተማሪዎችና ለእንግዶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተጠራሁት ስለ እስረኛ አያያዝ እንድናገር ነው። ርእሴን ወደ አንድ ጉዳይ እንዳጠበብኩት ስነግራቸው አዘጋጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ "ይናገሩ" አሉኝ። አመሰግናቸዋለሁ። የምናገረው ትራንስጀንደር ስለሚባሉ ሰዎች ነው። ሲወለዱ የተነገረላቸው ጾታና እነርሱ በውስጣቸው የሚያውቁት ማንነት ያልገጠመላቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በእኛ በጠባቂዎች እጅ ሲወድቁ ምን እንደምናደርጋቸው ነው የምናገረው። ርእሱ የከበዳችሁ ተነሥታችሁ ብትወጡ አልቀየምም። ብትቆዩ ግን አብዛኛው ወሬ ስለ ራሳችን እንደሆነ ታያላችሁ።

ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ያኔ የምሠራበትን ማረሚያ ቤት ስም አልጠራም፤ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው። ክረምት ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ውስጥ የሚገባበት ሰሞን። የቅበላ ተራ የእኔ ነበር። አመሻሽ ላይ ፖሊስ አራት የቀጠሮ እስረኞች አመጣ። ሦስቱን መዘገብኩ። ወደ አራተኛዋ፣ ወደ አራተኛው… እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ።

አማርኛችን ሰውን ለመጥራት ገና አፍ ስንከፍት ወንድ ነው ሴት ብለን እንድንወስን ያስገድደናል። ና ወይም ነይ። ስምህ ወይም ስምሽ። ቁጭ በል ወይም ቁጭ በይ። የቀረበው መታወቂያ የወንድ ነው። ከፊቴ የቆሙት ሰው ግን ፀጉራቸውን ሹሩባ የተሠሩ፣ ነጠላቸውን እንደ ሴት ያጣፉ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው። ክሱ ስርቆት ነበር፤ ይሠሩበት በነበረ ቡና ቤት ገንዘብ ጎድሎ በእርሳቸው ተሳብቦ።

ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ "ና!" አለ። ሌላው ደግሞ "ኧረ ነይ በላት!" አለ። ሳቅን። በረኛው ተጠራ፤ ማማ ላይ የነበሩትም ወረዱ። ና፣ ነይ፣ ና፣ ነይ እየተባለ አንድ የደከመ ሰው በሁለት ቃል መካከል ሲንገላታ እኛ በሳቅ እንባችን ፈሰሰ። ፍተሻው ካፊያ እየወረደ ግቢው መሐል፣ የመጣው ሁሉ እያየ ተደረገ። ስለት አልተፈለገም፤ የተደበቀ ገንዘብም አልተፈለገም። ምን እንደተፈለገ ታውቃላችሁ። ልብሳቸውን ያስወለቅኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብዕር ይዤ ነበር። ግን አላስቆምኩም፤ ሳቄም ከሌሎቹ ሳቅ ጋር ተሰምቷል።

እስር ቤት ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ እንደሚገባ የሠራችሁበት ታውቃላችሁ። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ የሆነው እስረኛ፣ እኒያን ሰው ከማየቱ በፊት ሳቃችንን ሰምቷል። ማንም "አንገላታቸው" ብሎ አላዘዘውም። ካቦ ግን የዋርድያን ፊት ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ ካቦ የሆነውም በዚሁ ነው። ይህ ሰው ቢመታ ማንም እንደማይጠይቀው ከሳቃችን ተረዳ። መኝታቸው የሽንት ቤቱ በር ሥር ሆነ። ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ዘመድ ፊቱን አዙሯል። ከማረሚያ ቤቱ እንጀራም "ከእነዚህ ጋር በአንድ ትሪ አንቀርብም" ተብሎ ለብቻቸው ይቀርብላቸው ነበር። በስድስተኛው ቀን ራሳቸው ተፈንክቶ ክሊኒክ ገቡ። "አዳልጧቸው ወድቀው ነው" የሚል ማስታወሻ ተጻፈ። ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሲወድቁ አላየሁም። ሲወድቁ ያየ ሰውም አልነበረም።

በዚያ ክፍል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በድንበር ጠብ ሰው ገድለው የተፈረደባቸው ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ስለተማሩ ታራሚው "መሪጌታ" ይላቸዋል። እኒያ ሰው ጭንቅላታቸው በፋሻ ታስሮ ከክሊኒክ ሲመለሱ እኔ ነበርኩ ያደረስኳቸው። በሩ ሲከፈት ሽማግሌው ከፍራሻቸው ተነሡ፤ ቡሉኳቸውን ገለጥ አደረጉና "ይምጡ፤ እዚህ ይረፉ" አሉ።

"ይምጡ" አሉ። እርሳቸው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው፣ እኒያ ሰው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ናቸው። በእኛ አገር ወግ ሽማግሌ ለልጅ እግር አንቱ አይልም። መሪጌታ ግን ና ቢሉ አንድ ቁስል፣ ነይ ቢሉ በዚያ ክፍል ሌላ ዱላ እንደሚሆን ገባቸው። ሦስተኛውን መንገድ ከቋንቋው ውስጥ አወጡት። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። አባታችንንም እናታችንንም "ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ" ነው የምንለው። ሰውን ስናከብር አማርኛም ጾታውን መጠየቅ ይተዋል። ይህን ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ነፍስ ካጠፉ አንድ ታራሚ ተማርኩት፤ ለዚህ ነው ዛሬ ስለ እኒያ ሰውም ሆነ ስለ ሌሎቹ በአንቱታ የማወራው። ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ስድቡ አልቆመም፤ ዱላው ግን ቆመ። ሽማግሌው አጠገብ የተኛን ሰው የሚደፍር አልነበረም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትልቅ መደባለቅ አለ። ፍናፍንት የምንለው ሲወለድ የአካሉ ምልክት ወንድ ወይም ሴት ተብሎ በግልጽ ያልለየለትን ሰው ነው፤ ነገሩ የአካል ነው። ትራንስጀንደር የሚባለው አካሉ የሚለው ሌላ፣ እርሱ ራሱን የሚያውቀው ሌላ የሆነበት ሰው ነው። ለተመሳሳይ ጾታ የሚኖር ፍላጎት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስቱም በእኛ አፍ አንድ ስድብ ናቸው። ጠባቂዎች ሁልጊዜ የሚመልሱልኝ መልስም አንድ ነው፤ "ሕጉ ራሱ ይከለክል የለም ወይ?" ይላሉ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸም ድርጊትን በእስራት ይቀጣል። አዎ፣ ይህ የአገሪቱ ሕግ ነው። የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው፤ ቅጣቱንም የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ቀጭን ድምፅና ሹሩባ ድርጊት አይደሉም። እኒያ ሰው የተከሰሱት በስርቆት ነበር። እኛ ግን በር ላይ ክስ ጨመርን፣ ያለ ምስክር ፈረድን፣ ቅጣቱንም ለካቦ አሳልፈን ሰጠን።

አንቀጽ 629ን በቃሉ የሚጠራ ጠባቂ ብዙ አጋጥሞኛል። በዚያው ሕግ ውስጥ ያለውን አንቀጽ 424 የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። 424 ስለ እኛ የተጻፈ ነው። ሰውን የመያዝ፣ የመጠበቅ ወይም የመመርመር ሥራ የተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ በእጁ ያለውን ሰው በጭካኔ ወይም ለሰብዓዊ ክብር በማይገባ ሁኔታ ቢይዝ ወንጀል ነው፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ያን ቀን ግቢው መሐል በ424 የሚጠየቁት እነማን እንደነበሩ አሁን ቁጠሩ። እኒያ ሰው ከቆጠራው ውስጥ የሉበትም።

ሕገ መንግሥቱ፣ የ1987ቱ፣ በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ጭካኔ ከተሞላበት፣ ኢሰብዓዊ ከሆነ ወይም ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዙ ያዛል። "ከእነዚህ በቀር" የሚል ሐረግ የለበትም። በአንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ ማሠቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት የተቀበልነው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንብ የማንዴላ ደንቦች ይባላል፤ 27 ዓመት በታሰሩት ሰው ስም የተሰየመ ነው። ማንዴላ ከመታሰራቸው በፊት በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ስለዚህ ስማቸው ለእኛ የሩቅ ስም አይደለም። ደንቡ 122 ቁጥሮች አሉት፤ ሁሉንም አልነግራችሁም። ሰባተኛው ግን በቀጥታ ለቅበላ ተረኛ የተጻፈ ነው። እስረኛ ሲመዘገብ ማንነቱን ለይቶ የሚያሳውቅ ትክክለኛ መረጃ ይያዛል፤ ይህም ሲደረግ ሰውየው ራሱን የሚያይበት ጾታ ይከበራል ይላል። ከመዝገቡ ፊት ብዕር ይዤ ስቀመጥ ይህ ቁጥር ገና አልተጻፈም ነበር። ዛሬ ግን ተጽፏል፤ ለእናንተ ይህ ሰበብ የለም።

"ይህ የነጮች ነገር ነው" የሚል ድምፅ ከኋላ እሰማለሁ። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከኬንያ እንጀምር። ሪቻርድ ሙአስያ የተባሉ ሰው ፍናፍንት ሆነው ነው የተወለዱት። በከባድ ዝርፊያ ሞት ተፈርዶባቸው ካሚቲ በሚባለው ትልቅ የናይሮቢ እስር ቤት ታሰሩ። እዚያ የእስር ቤቱ ሰዎች ሰውነታቸውን ለማየት ልብሳቸውን ያስወልቁ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ሲፈርድ፣ ሦስተኛ ጾታ በሕግ ይታወቅልኝ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበለም። አብዛኛውን የክስ ነጥብም ጣለ። አንዱን ግን አልጣለም። ጠባቂዎቹ ሰውነት ለማየት ያደረጉት ፍተሻ ኢሰብዓዊና አዋራጅ ነው ብሎ 500,000 የኬንያ ሺልንግ ካሣ ፈረደላቸው።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ የምጠቅሰው ለጎጃም ሰው የሚሆን ነገር ስላለበት ነው። ያ ፍርድ ቤት ወግ አጥባቂ ነበር። ዓለም ሁሉ ሁለት ነው፣ ወንድና ሴት፣ በሚለው ጸንቶ ነው የፈረደው። እምነቱን ሳይለውጥ ግን የጠባቂውን እጅ ያዘ። አራት ዓመት ቆይቶ የኬንያ ምክር ቤት ነጻነታቸውን ስላጡ ሰዎች ባወጣው ሕግ፣ ፍናፍንት የሆነ እስረኛ በወንድ ይፈተሽ ወይስ በሴት የሚለውን ራሱ እንዲመርጥ አደረገ። ለዚህ ሕንፃ አልተሠራም፤ ማሽን አልተገዛም። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ "ማን ይፈትሽዎት?"

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጄድ ሴፕተምበር የተባሉ ትራንስጀንደር ሴት በነፍስ ግድያ 15 ዓመት ተፈርዶባቸው በወንዶች እስር ቤት ታሰሩ። ወንጀላቸው ቀላል አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ፀጉር ማሳደግ፣ እንደ ሴት መልበስና መኳል ተከለከሉ። በዌስተርን ኬፕ የሚገኘው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ክልከላው መብታቸውን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከውሳኔው ለእኔ ትልቁ፣ በሥራ ላይ ያሉትም አዲስ የሚቀጠሩትም የማረሚያ ቤት ሠራተኞች ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች ሥልጠና እንዲሰጣቸው ማዘዙ ነው። ፍርድ ቤቱ ችግሩ ከደንብ መጽሐፍ ይልቅ በጠባቂው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑን አይቷል።

አሜሪካ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲ ፋርመር የተባሉ ትራንስጀንደር እስረኛ ኢንዲያና ውስጥ ጥብቅ ወደሆነ የወንዶች እስር ቤት ተዛውረው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ተደፈርኩ ብለው ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ያስቀመጠው ቁም ነገር፣ አደጋ እንዳለ እያወቀ ቸል ያለ ኃላፊ ተጠያቂ ነው የሚል ነው። እያወቀ ቸል ያለ። ሳቃችንን ስታስታውሱ እነዚህን ሦስት ቃላት አብራችሁ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በካሊፎርኒያ የወንዶች እስር ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት ትራንስጀንደር እስረኞች 59 ከመቶ የሚሆኑት በእስር ላይ ሳሉ ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ በዕጣ ከተመረጡት ሌሎች እስረኞች ግን ይህን ያሉት 4.4 ከመቶ ነበሩ። አንድ ግቢ፣ አንድ አጥር፣ አንድ ጠባቂ ነው ያላቸው።

እዚህ መካከል አንዲት የሴቶች ክፍል ጠባቂ እጇን አነሣች፤ ንግግሬን አቋርጬ ሰማኋት። "የእኔ እስረኞችስ? ወንድ ሆኖ የኖረ ሰው ወደ እኔ ክፍል ቢገባ እነርሱን ማን ይጠብቃቸዋል?" አለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ በችኮላ ማለፍም ነውር ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ካረን ዋይት የተባሉ፣ ቀድሞ የወሲብ ጥቃት ታሪክ ያላቸው ትራንስጀንደር እስረኛ ወደ ሴቶች እስር ቤት ገብተው በሴት እስረኞች ላይ ጥቃት ፈጸሙ። በ2018 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴርም የቀደመ ታሪካቸው ባለመታየቱ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች ደንባቸውን ደጋግመው አጥብቀውታል። እኔ ከዚህ የማየው መዝገቡን ሳያገላብጡ፣ ሰውየውን ሳያነጋግሩ፣ አደጋውን ሳይመዝኑ የወሰኑ ሠራተኞችን ነው። እኛም ያን ቀን ማታ የወሰንነው እንዲሁ ነበር፤ እነርሱ በአንድ ወገን ተሳሳቱ፣ እኛ በሌላው። በሁለቱም የሚጎዳው በአጥር ውስጥ ያለ፣ መሸሻ የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይታይ፤ ምን እንዳደረገ ይታይ፤ ምን እንደሚፈራ ይጠየቅ። የሴቶቹም ደኅንነት ከዚያው ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ያቺ እኅት ባትጠይቀኝ ኖሮ ይህን ነገር አሳጥሬ አልፈው ነበር፤ ልክ አልነበርኩም።

ጠባቂው ለምን እንዲህ ይሆናል? ክፉ ስለሆነ አይደለም። አብረውኝ የሳቁት ሰዎች ልጆች አሳድገዋል፤ ለታመመ እስረኛ ከኪሳቸው መድኃኒት ሲገዙ አይቻቸዋለሁ። ሥራው ይከብዳል፤ ክፍሎቹ ከአቅም በላይ ሞልተዋል፤ ደመወዙን ታውቁታላችሁ። ስንሠለጥን ሰልፍ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ ቆጠራና ፍተሻ ተማርን። እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ የሚል አንድ ሰዓት አልነበረንም። ያላወቅነውን ነገር በሳቅ ሸፈንነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ስማችን። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" እያልን ባደግንበት አገር፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ያዘነ ጠባቂ "አንተም እንደዚያው ነህ ወይ?" ይባላል። ወሬው ከግቢው ወጥቶ ጠላ ቤት ይደርሳል፣ ከጠላ ቤት ዕድር፣ ከዕድር ሚስቱ ጋ። እኔ ያን ቀን የሳቅሁት ደስ ብሎኝ አልነበረም። ዝም ብል እንደሚታይብኝ ስለፈራሁ ነው። ከሳቁት ስንቶቹ እንደ እኔ ፈርተው እንደሳቁ ኋላ አንድ በአንድ ስጠይቅ ነገሩኝ። ከአምስት ሰው ሦስቱ! ሦስት ሰው አብሮ ዝም ቢል ኖሮ ያ ሳቅ ይሞት ነበር።

ሃይማኖትም ይነሣል፤ ይነሣ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ያ ማስታወሻ ከተፈረመ በኋላ እንቅልፍ ሲነሣኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩም ጭምር። እርሱ ላይ ይቆማሉ ብዬ ነበር፤ አልቆሙም። "በእጅህ ነበሩ ወይ?" አሉኝ። "አዎ፣ በእጄ ነበሩ።" "እንግዲያው አደራ ነበሩ" አሉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አነበቡልኝ፤ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ ታሪክ። በኦሪቱ የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤ አይግባ ተብሎ ነበር። ፊልጶስ ግን ወደ ሠረገላው ሮጦ ሲደርስ የጠየቀው "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ብሎ ነው፤ ስለ ሰውነቱ አልጠየቀውም። ጃንደረባነትና ዛሬ የምናወራው ነገር አንድ እንዳልሆነ አባ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እርሳቸው ያሳዩኝ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ነው። ቀኖናዬ የአርባ ቀን ስግደትና በየእሑዱ ዘመድ ለሌለው እስረኛ ምሳ ማድረስ ሆነ። ምሳውን አደረስኩ። ማስታወሻውን ግን አላስተካከልኩም፤ ፈራሁ። ይህን ለእርሳቸውም ነግሬአቸዋለሁ።

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይላሉ አባቶቻችን። የሌላ ሰው ላም በአደራ ይዞ እግሯ ቢሰበር ጎጃሜ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይክሳል፤ ላሚቱ መልኳ አላማረኝም ብሎ አያመልጥም። ታራሚ በፊርማ ይገባል፣ በፊርማ ይወጣል። ከዚህ የጠበቀ አደራ የለም።

ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ? በጀት የሚጠይቅ ነገር አልነግራችሁም። ፍተሻውን ከመጋረጃ ኋላ አድርጉት፤ መጋረጃ ከሌለ አንሶላ ስቀሉ። ሰውየው ማን እንደሚፈትሸው ይጠየቅ። ሰውነት ለማየት ብቻ የሚደረግ ፍተሻ ፍተሻ አይደለም፤ አለቃም ቢያዝ እምቢ ለማለት 424ን ጥቀሱለት። ገላ መታጠቢያ ላይ ለብቻ የሚሆን አሥር ደቂቃ ከየትም አይጠፋም። ክፍል ስትመድቡ ካቦው ማን እንደሆነ አስቡ፤ እንደ መሪጌታ ያለ ሰው በየክፍሉ አይጠፋም፤ ከእርሱ አጠገብ አስተኟቸው። አቤቱታቸው በካቦ እጅ አይለፍ። የክሊኒክ ሠራተኞችም እዚህ አላችሁ፦ ያያችሁትን ቁስል እንዳያችሁት ጻፉ፤ የማንዴላ ደንብ 34 የማሠቃየት ምልክት ያየ የጤና ባለሙያ መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። እናንተ በትክክል ከጻፋችሁ "አዳልጧቸው ነው" ብሎ የሚፈርም ሰው አይገኝም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። "ለደኅንነቱ" ብላችሁ ጨለማ ቤት አትዝጉበት። ብዙ ደግ ጠባቂ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰውን ከመደብደብ ለማዳን ብሎ ለብቻው ቆልፎ ይረሳዋል። በዚያው ደንብ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር ሳይገናኙ መዘጋት ለብቻ መታሰር ነው፤ ከ15 ተከታታይ ቀን ካለፈ ደግሞ ክልክል ነው። የተመታው ሰው ተዘግቶ መቺው ፀሐይ ሲሞቅ የቅጣቱ ትርጉም ተገልብጧል። የሚዘጋ ካለ መቺው ይዘጋ።

ንግግሬን ስጨርስ ሁለት ጥያቄ ቀረበልኝ። አንድ ወጣት ጠባቂ "ጋሼ፣ እንዳሉት ባደርግ ጓደኞቼ ስሜን ያጠፉታል። ያኔ ምን ልበል?" አለኝ። ብቻህን አትጀምር አልኩት። ከተራህ ጓደኞች አንድ የምታምነውን ምረጥ፤ ሳቅ ሲጀመር ሁለታችሁ አትሳቁ። ሲጠይቁህ "በአደራ የተረከብኩት ሰው ነው" በል፤ ይህን ሰምቶ የሚከራከር ጎጃሜ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለተኛውን የጠየቀችው ያችው የሴቶች ክፍል ጠባቂ ናት። "እኒያ ሰው ስማቸው ማን ነበር?" አለች።

መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ። እርሳቸው ግን ያን ማታ ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ በዝግታ፣ ሌላ ስም ነግረውኝ ነበር። የሴት ስም ነው፤ የአንዲት አክስቴም ስም ስለሆነ አልረሳሁትም። ብዕሩ በእጄ ነበር። አልጻፍኩትም።